ስለ ትናንሽ የሸክላ አሳታሚዎችና ስለ ኢትዮጵያዊው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፤ ከአምባሰል ቅኝት ጋር ተያይዞ የቀረበ አጭር ጥናት

፩. መግቢያ

በወሎ የተወለደ ሰው የቅኝቶችን ስም ከመማሩ አስቀድሞ የአገር ስም አድርጎ ያውቃቸዋል። አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ የሚታይ ተራራና ወረዳ ነው። ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ስሞች ዛሬ በዋሽንግተንና በኒውዮርክ ከሚታተሙ የዳንስ ሸክላዎች ጋር ሲነሡ መስማት ለአንድ የቦሩ ሜዳ ልጅ ደስታም ግራ መጋባትም ያመጣበታል። ደስታው፣ የአገሩ ዜማ ሩቅ አገር መድረሱ ነው። ግራ መጋባቱ ደግሞ፣ እዚያ የደረሰው ዜማ በእርግጥ ያው የአገሩ ዜማ ነውን? የሚለው ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በትልልቅ ኩባንያዎች ያልታቀፉ ትናንሽ አሳታሚዎች የኢትዮጵያን ሙዚቃ እንዴት እንዳወጡ ባጭሩ መተረክ፤ ሁለተኛ፣ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቅኝታችንንና ምታችንን ሲቀበል ምን እንደሚሆን ማስረዳት፤ ሦስተኛ፣ ከዚህ የሚነሣውን የመብት ጥያቄ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ከአዋጆች ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል ማብራራት ያስፈልጋል። እነዚህን አሳታሚዎች ሰዎች «የምድር ውስጥ» ይሏቸዋል። ይህም የተሸሸገ ወይም የተከለከለ ማለት ሳይሆን፣ በራዲዮና በትልቅ ገበያ ላይ ሳይመካ፣ በጥቂት ቅጂና በጥቂት ሰዎች ትጋት የሚኖር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ወደ ኋላ መለስ ብለን ስንመለከት፣ በአገራችን የመጀመሪያው ነጻ ሸክላ አሳታሚ በእርግጥም ከሕግ ውጭ እንደ ነበረ እናገኛለን።

፪. የነጻ አሳታሚ ታሪክ በኢትዮጵያ

በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ትእዛዝ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በዚያን ዘመን ስመ ጥር የነበሩት የሙዚቃ ጓዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ። ስለዚህ ዘፋኙ ደመወዝተኛ፣ ባንዱ የመንግሥት ንብረት፣ አሳታሚውም አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን ትእዛዝ ተላልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ገንዘብ አሳተመ። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የታተሙት በህንድ አገር ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» የተሰኘው ሸክላ በ1974 የወጣው በዚሁ አሳታሚ ነው። ዓሊ አብደላ ካይፋም በዚያው ዘመን ካይፋ ሬከርድስን አቋቁመው ሠርተዋል። በ1975 ያሳተሙት የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም ክራምድ ዲስክስ በተባለ ነጻ አሳታሚ እንደ ገና ታትሞ በአውሮፓ ተሰማ።

የ1974 አብዮት፣ ከዚያም የሌሊት ሰዓት እላፊ፣ የምሽት ቤቶችን ሕይወት አዳከመ። አምሃ እሸቴም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ካሴት ርካሽና ለመቅዳት ቀላል ስለ ነበረ ዘፈንን በየገጠሩ አዳረሰ። ነገር ግን ይኸው ቀላልነቱ ማንም ያለ ፈቃድ እንዲገለብጠው በር ከፈተ። በዚህ ምክንያት ብዙ ዘፋኝ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ እየተሰማ ኪሱ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ።

ከካሴቱ ዘመን ለጉዳያችን እጅግ የሚጠቅመው የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሞግ ሲንተሳይዘርንና የምት መኪናን እያነባበረ አንድ ካሴት ቀዳ። አንድ ሰው በመኪና ረዳትነት ሙሉ ባንድን ተክቶ ሲሠራ እናያለን፤ ስለዚህ የዛሬው ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አባት ፍለጋ ወደ ውጭ መሄድ አያስፈልገውም። ኃይሉ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ለብዙ ዓመታት ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ፣ ባለቤቱንም ፈልጎ አነጋግሮ፣ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው ትንሽ አሳታሚው በ2013 በሸክላ አወጣው። ከዚህ የተነሣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አዳዲስ ሥራዎች አድርጎ አቀረበ። አንድ የተረሳ ካሴት አንድን ሙዚቀኛ ከሥራው ጋር እንደ ገና ሲያገናኝ፣ የትንሽ አሳታሚ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

፫. 1432 አርና ሁለቱ ወጣቶች

ከላይ ያየናቸው በአብዛኛው አሮጌ ሥራን እንደ ገና ማሳተም ናቸው። በ2010ዎቹ ግን አዲስ ሥራ ብቻ የሚያወጣ አሳታሚ በዋሽንግተን ተነሣ። ስሙ 1432 አር ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዱ ዳዊት ኤክሉንድ ነው። ይህ አሳታሚ በአዲስ አበባ የሚሠሩ ወጣቶችን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በአሥራ ሁለት ኢንች ሸክላ እያሳተመ ለዳንስ ቤቶችና ለሸክላ ሰብሳቢዎች አዳረሰ።

ከነዚህ ወጣቶች አንዱ ሚካኤል ሰይፉ ነው። በአሜሪካ በኒውጀርሲ ራማፖ ኮሌጅ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በ2014 «ያራዳ ልጅ» የተሰኘ ሸክላ በ1432 አር፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም» የተሰኘውን በኒውዮርኩ አርቪኤንጂ ኢንተርናሽናል አወጣ። ሁለተኛው እንደገና ሙሉ ሲሆን ሥራውን የሚያቀርበው «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም ነው። እርሱም «ቀን ሰባት» የተሰኘ ሸክላ በዚሁ በ1432 አር አሳትሟል። እነዚህ ወጣቶች ለሥራቸው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ሰጡ። ስሙም አንድ አሳብ ይዟል፤ ይኸውም ሙዚቃቸው ከቺካጎና ከዲትሮይት የመጣውን የዳንስ ምት ተቀብሎ የአበሻ ጌጥ የሚደርብ ሳይሆን፣ ከማሲንቆው፣ ከክራሩና ከአዝማሪው ተነሥቶ መኪናውን መገልገያ የሚያደርግ መሆን አለበት የሚል ነው።

አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በተግባር ሲሠራ ምን ያጋጥማል? ይህን ለመረዳት ስለ ቅኝት ጥቂት መነጋገር ግድ ነው።

፬. ቅኝት በመኪና ውስጥ

አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። በኪቦርድ ላይ በተርታ ያሉትን ነጭና ጥቁር ቁልፎች አንድ አንድ ግማሽ ድምፅ እያልን ብንቆጥር፣ ከመነሻው እስከ ላይኛው መነሻ ድረስ 12 ግማሽ ድምፅ ይገኛል። አምስቱ ድምፆች ይህን 12 እንደሚከተለው ይከፋፈሉታል።

ሙሉ ትዝታ፦ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3።
ግማሽ ትዝታ፦ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4።
ሙሉ ባቲ፦ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1።
አምባሰል፦ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4።
አንቺ ሆዬ፦ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ይህ አከፋፈል ለኪቦርድ እንዲመች የተጠጋጋ መሆኑ ነው። ክራር መቺም ሆነ አዝማሪ ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው፤ በተለይ በአንቺ ሆዬ አንዳንዱ ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መዝሙር በምናጅብበት ኦርጋን አንቺ ሆዬን ልጫወት ስሞክር፣ ጣቴ ትክክል ሳለ ጆሮዬ አልቀበል ይለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ነበርና ብዙ ጊዜ ተለማመድሁ፤ በኋላ ግን ኦርጋኑ የተሠራው ለሌላ ዜማ መሆኑን ተረዳሁ። ዛሬ ብዙ ኪቦርዶችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የማድረግ ችሎታ ስላላቸው ይህ ችግር መፍትሔ አለው፤ የሚጎድለው የሠሪው ፈቃድና ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ረቂቅ ነው። የግማሽ ትዝታንና የአምባሰልን ቁጥሮች አንባቢ ያስተያይ። ግማሽ ትዝታን ከአራተኛው ድምፅ ጀምረን ብንቆጥር 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እናገኛለን፤ ይህም አምባሰል ነው። ሁለቱ ቅኝቶች በአንድ ዓይነት አምስት ቁልፎች ሊጫወቱ ይችላሉ ማለት ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ልዩነቱ ዜማው በመጨረሻ የሚያርፍበት፣ ቤቴ ብሎ የሚመለስበት ድምፅ ላይ ነው። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ዞሮ ዞሮ የሚገባበት ቤት ነው።

እንግዲህ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዋና ዘዴ ከተቀዳ ድምፅ ላይ ቁራጭ ወስዶ ደጋግሞ ማዞር ነው። ቁራጩን ሳምፕል፣ ማዞሩን ሉፕ ይሉታል። ሠሪው ከአንድ የአምባሰል ዘፈን የሚያምረውን ሁለት ሰከንድ ቆርጦ ቢያዞር፣ ዜማው ወደ ቤቱ የሚገባበት ክፍል ቁራጩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ከዚያም ከሥር ወፍራም የባስ ድምፅ ያስገባል። ባሱ የቆመበት ድምፅ ለሰሚው ቤት ሆኖ ይሰማዋል። ባሱ በአምባሰል ሦስተኛ ድምፅ ላይ ቢቆም፣ ዘፋኟ አንዲት ድምፅ ሳትለውጥ ዘፈኗ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ አንድም ድምፅ አልተጨመረባትም፤ ነገር ግን ቅኝቷ ተለወጠ።

፭. የምት ጉዳይ

ምትም የራሱ ችግር አለው። ሃውስና ቴክኖ የተባሉት የዳንስ ሙዚቃዎች፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቺካጎና በዲትሮይት ያደጉት፣ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ይመታሉ። በያንዳንዱ ምት ከበሮው እኩል ይወድቃል። መኪናው አንድን ዙር በ16 እኩል እርምጃ ይከፍለዋል። በአንጻሩ ጭፈራችን የሚሄድበት ቺክቺካ የሚባለው ምት በሦስት በሦስት የሚከፈል ስለሆነ በ16 ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ መኪናውን በ12 እርምጃ እንዲቆጥር ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ዝም ብሎ ሲከፍተው የሚያገኘው 16ን ነው። ስለዚህ ለመኪናው ልማድ የተገዛ ሰው ሳያውቀው እስክስታውን ወደ ሰልፍ እርምጃ ይለውጠዋል።

ከዚህም በላይ፣ አምባሰል በባህሉ ሲዘፈን ብዙ ጊዜ ያለ ቋሚ ምት ነው። ዘፋኟ ቃሉን እንደ ትንፋሽዋ ታስረዝማለች፤ አንዱ ሐረግ አሥር ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በደቂቃ 125 ምት በሚመታ ሙዚቃ ውስጥ ግን ባለ አራት ምት አንድ ዙር የሚፈጀው 1.92 ሰከንድ ብቻ ነው። ሠሪው ወይ ሐረጉን መቁረጥ፣ ወይ በኮምፒዩተር ማሳጠር፣ ወይም ምቱን ማስቆም አለበት። አብዛኛው ሰው መቁረጡን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ዲጄው አንዱን ሸክላ ከሌላው ጋር ለመቀጠል የማይቋረጥ ምት ይፈልጋል።

፮. በቦሩ ሜዳ የተደረገ ትንሽ ሙከራ

ከላይ የተባለው በወረቀት ላይ የተደረገ ስሌት እንዳይሆን በእረፍት ጊዜዬ አንድ ትንሽ ሙከራ አድርጌ ነበር። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የደጋ አገር ነው። በታሪክ የሚታወቀው በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ በመሆኑ ነው። እዚያ የሚኖሩት አክስቴ በወጣትነታቸው በሰርግና በማኅበር አምባሰል በመዝፈን በመንደሩ የታወቁ ነበሩ። ባለፈው ክረምት ሁለት ዘፈን በስልክ እንድቀዳቸው ፈቅደውልኝ ነበር። በኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ወዳጄ ቀረጻውን ሰምቶ እጅግ ስለ ወደደው፣ ከላይ በገለጽሁት ዘዴ ከዘፈኑ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆርጦ የዳንስ ሙዚቃ ሠራበት። አሳቡም ሥራውን ለአንድ የውጭ አገር ትንሽ አሳታሚ መላክ ነበር።

ከመላኩ በፊት ሥራውን ለአክስቴ አሰማኋቸው። አስቀድሜ ግን ከነዚያ የታተሙ ሸክላዎች ውስጥ ሦስት ሙዚቃ በተራ አጫወትሁላቸው። በማሲንቆው ድምፅ ፈገግ አሉ፤ ከበሮው ሲገባ ግን «ምነው ቸኮለ? ማን ያባርረዋል?» አሉኝ። በመጨረሻ የራሳቸውን ድምፅ የያዘውን ከፈትሁ። ድምፃቸውን ወዲያው ለዩት። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ የሚከተለውን ተነጋገርን።

«አክስቴ፣ ይህ ምን ቅኝት ነው?»

«ትዝታ ነዋ ልጄ።»

«እርስዎ የዘፈኑት እኮ አምባሰል ነበር።»

«እኔ የዘፈንሁትማ አምባሰል ነው። ይህ ግን ትዝታ ነው። ደግሞስ ይህች ሴትዮ ወጣች ወጣች፣ መቼ ነው ቤቷ የምትገባው?»

ስለ ግማሽ ድምፅ ቁጥር አንድም ነገር አልነገርኋቸውም። ባሱ የቆመበትን ድምፅ በኪቦርድ ስፈልግ በእርግጥ የአምባሰሉ ሦስተኛ ድምፅ ሆኖ አገኘሁት። በአንድ ሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ለጠቅላላ ፍርድ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ሆኖም በስሌት የደረስንበትን ነገር አክስቴ በአንድ ጊዜ ማዳመጥ ማግኘታቸው፣ ቅኝት የድምፆች ክምር ሳይሆን የጉዞና የመመለስ ሥርዓት መሆኑን በሚገባ ያስረዳል።

፯. ሸክላ እንዴት ይታተማል፤ ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል?

ትንሽ አሳታሚ ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚያሳትመው ከ300 እስከ 500 ቅጂ ነው። ሥራው በቅድሚያ ማስተሪንግ ወደሚባለው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ወፍራሙ የባስ ድምፅ ወደ መካከል ይሰበሰባል፤ በግራና በቀኝ ተበትኖ ከቀረ በሸክላው ላይ የሚቆፈረው ቦይ ያልተስተካከለ ይሆንና መርፌው ይዘልላል። ከዚያም ድምፁ በለስላሳ ቀለም በተለበጠ ሳሕን ላይ ይቀረጻል፤ ከሳሕኑ የብረት ማኅተም ይወጣል፤ በማኅተሙም የጋለ ፕላስቲክ እየተጨመቀ ሸክላ ይሆናል። የዳንስ ሙዚቃ በአሥራ ሁለት ኢንች ሸክላ የሚታተመው ቦዩ ሰፋ ብሎ ባሱ እንዲጎላ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። 300 ቅጂ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ የማተሚያው፣ የማስተሪንጉና የማመላለሻው ወጪ ከተነሣ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ትርፍ በሌለበት ስለ መብት መነጋገር ምን ይረባል?» ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ነገር፣ ጥቂትም ቢሆን የሚከፋፈል አለ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል እንደሚካፈል ያስታወቀ መሆኑ ትንሽ አሳታሚም በሥርዓት መሥራት እንደሚችል ያሳያል። ሁለተኛ፣ ዋናው ሀብት ብዙ ጊዜ ኋላ የሚመጣው ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃዎች ከተቀዱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ገብተው በዓለም ሁሉ ተሰምተዋል። ሸክላው ሲታተም የማን ስም እንደ ተጻፈበት ያን ጊዜ ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል።

፰. ስለ መብት

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ብቻ ሳይሆን የዘፋኝንና የተጫዋችን፣ እንዲሁም ድምፁን ቀድቶ ያዘጋጀውን ሰው መብት ይጠብቃል። የማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ስለ ሮያሊቲ ክፍያና መብትን በጋራ ስለሚያስተዳድሩ ማኅበራት ደንግጓል። ስለዚህ «ዜማው የሕዝብ ነው፤ ባለቤት የለውም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። አምባሰል እንደ ቅኝት የሕዝብ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ቀን በአንድ ቤት ውስጥ የዘፈነችው አምባሰል፣ ያ ድምፅ፣ ያ ትንፋሽ ግን የእርሷ ነው። ሳምፕል የሚወስደው ቅኝቱን ሳይሆን ይህን ድምፅ ነው።

በወሎ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የመንዙማም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በውበቱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎችን ይስባል። ሆኖም እነዚህ ለጸሎት የተሠሩ ናቸው። በሕግ የማይከለከል ነገር ሁሉ የተገባ ነው ማለት አይደለም፤ ወደ ዳንስ ቤት ከመውሰድ በፊት ባለቤቶቹን ሼኮችና መሪጌቶች መጠየቅ የጨዋ ሥራ ነው።

፱. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ማንም ሰው የሕዝብ ዘፈን እየቀዳ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለመሥራት ሲፈልግ ሦስት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ቅኝት እንደ ዘፈነ ከቀረጻው ጋር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቁራጭ ሲወሰድ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ታውቆ ባሱ በዚያ ላይ ይመሥረት፤ ሠሪው አውቆ ሊለውጠው ቢፈልግም ለውጡ ካለማወቅ የመጣ አይሁን። ሦስተኛ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ለዘፋኙም ወይም ለዘፋኟ በሚገባው ቋንቋ ይነበብ።

የወዳጄ ሥራ ገና አልታተመም። አክስቴ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንዱ ስማቸው ከነአባታቸው በሸክላው ላይ እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ በራሳቸው አነጋገር፣ «ዘፈኔ ቤቱ ሳይገባ አትቁረጡት» የሚል ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ተጨንቆ ነበር፤ ምክንያቱም ሐረጉ በሙሉ ከገባ ምቱ ለአሥራ አራት ሰከንድ መቆም አለበት፤ ይህ ደግሞ ለዲጄ አይመችም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ እንዲህ አድርጎ ሠራው፤ በመጀመሪያ የአክስቴ ድምፅ ያለ ምንም ጓደኛ ሐረጉን ይጨርሳል፤ ድምፃቸው ካረፈበት ቦታ ላይ ባሱ ይነሣል፤ ከዚያም ምቱ በ12 እየተቆጠረ ይገባል። እንደ ገና ሄጄ ባሰማኋቸው ጊዜ ሐረጉ እስኪያልቅ ዝም ብለው አዳመጡ። ባሱ ሲገባ ራሳቸውን ነቀነቁና «አሁን ገባች» አሉ።

የውጭው አሳታሚ ይህን ይቀበለው አይቀበለው ጊዜ የሚያሳየው ነው። እኔም ጥናቴ ጠባብ መሆኑን ስለማውቅ፣ በተለይ በአንቺ ሆዬና በባቲ ላይ የተሻለ ልምድ ያላቸው መምህራንና ጓደኞቼ ስሕተቴን እንዲያርሙ፣ የጎደለውንም እንዲሞሉ በትሕትና እለምናለሁ።